አራቱ ጭረት ሙሉ ሆኖ ስልኩ ለምን እምቢ አለ?

ያለፈው ዓመት የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ምሽት ከሌላው ጊዜ የተለየ አልነበረም፡፡ በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ችቦ በርቷል፣ ልጆች ዙሪያውን ይጨፍራሉ፣ ትልቁም ትንሹም ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ» ይባባላል፡፡ ሦስት ሰዓት ገደማ የቤቴ በር በኃይል ተንኳኳ፡፡ ስከፍት ከሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን እትዬ ናቸው፡፡ ነጠላቸው ከትከሻቸው ተንሸራቶ፣ ስልካቸውን ወደ እኔ ዘርግተው ቆመዋል፡፡ የደም ግፊት ያለባቸው ባለቤታቸው ወድቀው አንደበታቸው ተሳስሯል፡፡ መኪና ያለው ልጃቸው የሚኖረው ራቅ ያለ ሰፈር ነው፡፡ አሥራ አንድ ጊዜ ደውለውለት አንዴም አልገባላቸውም፡፡

«ልጄ፣ ኔትወርኩ እኮ ሙሉ ነው፤ ተመልከተው! ለምንድን ነው እምቢ የሚለኝ?» አሉኝ፡፡ ተመለከትኩ፡፡ ከስክሪኑ ጥግ ያሉት አራት ጭረቶች አንድም ሳይጎድሉ ተደርድረዋል፡፡

ሰዓቱ የማብራሪያ አልነበረም፡፡ ጋሼን በወንበር ተሸክመን አወረድናቸው፤ ታች የነበረ አንድ ጎረቤታችን በቪትዙ ሆስፒታል አደረሰልን፡፡ ሐኪሞቹ በጊዜ መድረሳቸው እንደጠቀማቸው ነገሩን፡፡ ዛሬ ጋሼ ከዘራ ይዘው ግቢ ውስጥ ይንሸራሸራሉ፡፡ የእትዬ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ፡፡

ከሁለት ወር በኋላ የግቢያችን ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ጠራ፡፡ አጀንዳው የቆየ ነው፡፡ አንድ የቴሌኮም ድርጅት ብሎካችን ጣሪያ ላይ አንቴና ተክሎ ኪራይ ሊከፍል ጠይቆ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት «ጨረሩ በሽታ ያመጣብናል» ተብሎ በድምፅ ብልጫ ውድቅ ተደርጎ ነበር፡፡ እጃቸውን አውጥተው ከተቃወሙት መካከል እትዬም ነበሩበት፡፡ አሁን ጥያቄው እንደገና መጣ፡፡ እኔ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቄ በዚሁ ዘርፍ ለዓመታት ስለሠራሁ ሰብሳቢው «እስቲ አንተ አስረዳን» አሉኝ፡፡ ይህ ጽሑፍ ያን ቀን የተናገርኩትን፣ በጊዜ ማጠር የተውኩትንም ጨምሮ የያዘ ነው፡፡

ሞገዱ ምንድን ነው?

የገመድ አልባ ግንኙነት መነሻው ሲታይ ቀላል ነው፡፡ በአንድ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ወዲያና ወዲህ በከፍተኛ ፍጥነት ሲመላለስ በዙሪያው ሞገድ ይፈጠርና ከሽቦው ተላቆ ይሄዳል፡፡ ይህ ሞገድ ሌላ ቦታ በቆመ ሽቦ ላይ ሲያርፍ ደግሞ በዚያኛው ውስጥ ተመሳሳይ፣ ግን እጅግ ደካማ የሆነ ምልልስ ይቀሰቅሳል፡፡ አንቴና የምንለው ይኸው ሽቦ ነው፡፡ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው ጽሑፍ እንዲህ ያለ ሞገድ መኖር እንዳለበት በሒሳብ አሳየ፡፡ ጀርመናዊው ሄንሪክ ኸርዝ ከ20 ዓመታት በኋላ ገደማ በቤተ ሙከራ አረጋገጠው፡፡ ጣሊያናዊው ጉሊየልሞ ማርኮኒ ደግሞ በ1901 አትላንቲክ ውቅያኖስን ያቋረጠ የሬዲዮ ምልክት መቀበሉን ለዓለም አስታወቀ፡፡

ሞገዱ በሰከንድ 300 ሺሕ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ምክንያቱም ከብርሃን ጋር ዘሩ አንድ ነው፡፡ ልዩነታቸው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለሱ ነው፡፡ ይህ ቁጥር ፍሪኩዌንሲ ይባላል፡፡ ኤፍኤም አዲስ 97.1 ስንል ጣቢያው የሚጠቀምበት ሞገድ በሰከንድ 97.1 ሚሊዮን ጊዜ ይመላለሳል ማለታችን ነው፤ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ሦስት ሜትር ያህል ይሆናል፡፡ የሞባይል ስልኮች ከሚሠሩባቸው ፍሪኩዌንሲዎች አንዱ 900 ሜጋኸርዝ ሲሆን የሞገዱ ርዝመት 33 ሴንቲ ሜትር ነው፡፡ በቤታችን ያለው ዋይፋይ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሲሠራ ደግሞ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይወርዳል፡፡

በላይኛው ፍሪኩዌንሲ ብዙ መረጃ የሚጫንበት ሰፊ ቦታ ይገኛል፡፡ ነገር ግን ሞገዱ ባጠረ ቁጥር ግድግዳ ማለፍ እየከበደው ይሄዳል፡፡ ሳሎን ላይ ፈጣን የነበረው ዋይፋይ ሁለት የብሎኬት ግድግዳ አልፎ መኝታ ቤት ሲደርስ የሚልፈሰፈሰው ለዚህ ነው፡፡

ድምፃችንም እንዳለ ሞገዱ ላይ አይጫንም፡፡ ስልኩ ድምፁን በሰከንድ 8 ሺሕ ጊዜ እየለካ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፡፡ በሁለተኛው ትውልድ ወይም 2ጂ በምንለው የጂኤስኤም ስልክ ይህ ልኬት በሰከንድ 104 ሺሕ ቢት ይወጣዋል፡፡ ስልኩ ይህንን ጨምቆ ወደ 13 ሺሕ ያወርደውና ይልከዋል፤ ተቀባዩ ስልክ ደግሞ መልሶ ይዘረጋዋል፡፡ የሰው ድምፅ በሞባይል ሲሰማ ጉንፋን የያዘው የሚመስለው አንዳንዴ ከዚህ ጭመቃ የተነሳ ነው፡፡

«ገመድ አልባ»ው ገመድ አለው

ብዙ ሰው የሚያሳስተው ስሙ ነው፡፡ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ላለው ወንድሜ ብደውል ሞገዱ ተራራና ሸለቆ አቋርጦ ባሕር ዳር የሚደርስ ይመስለናል፡፡ እውነቱ ሌላ ነው፡፡ ከስልኬ የወጣው ሞገድ የሚጓዘው ቅርብ እስካለው የአንቴና ማማ ድረስ፣ ማለትም አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፡፡ ከዚያ በኋላ ድምፄ በፋይበር ገመድ፣ አለዚያም ማማው ላይ ከበሮ መስለው በሚታዩት ክብ ሰሃኖች አማካይነት ወደ ማዞሪያ ማዕከል ይገባል፡፡ ባሕር ዳር ድረስ ያለውን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ የሚጓዘው ከፀጉር በቀጠነ መስታወት ውስጥ፣ በብርሃን ነው፡፡ እንደገና ሞገድ የሚሆነው ወንድሜ ሰፈር ካለው ማማ ሲነሳ ነው፡፡ አንድ ሶፋ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ቢደዋወሉም ድምፃቸው ማዕከሉን ዞሮ መምጣቱ አይቀርም፡፡

በአፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው፡፡ ያ ሽቦ ዛሬ መልኩን ለውጦ መስታወት ሆነ እንጂ አልጠፋም፡፡ የመንገድ ሥራ ኤክስካቫተር አንድ የፋይበር መስመር ሲበጥስ «ገመድ አልባ» የሆነው ሰፈር በሙሉ ጭጭ የሚለው ለዚህ ነው፡፡ አየር ላይ ያለው የመጨረሻዋ ቁራጭ መንገድ ብቻ ነች፡፡ የእትዬም ችግር ያለው እዚያች ቁራጭ ላይ ነው፡፡

የማር እንጀራው

አየሩ ሰፊ ቢመስልም ለስልክ የሚሆነው ክፍል ውስን ነው፡፡ በአንድ ቦታ ሁለት ሰዎች በተመሳሳይ ፍሪኩዌንሲ በአንድ ጊዜ ቢልኩ ይደበላለቃሉ፡፡ ስለዚህ በየአገሩ ማን የትኛውን ፍሪኩዌንሲ እንደሚጠቀም የሚመድብ አካል አለ፡፡ በእኛ አገር ይህ ሥራ በ2011 በወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል፡፡ ፍሪኩዌንሲ እንደ መሬትና እንደ ውኃ የሕዝብ ሀብት ነው፤ ኩባንያዎች የሚያገኙት የመጠቀም ፈቃድ ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ ሴንት ልዊስ ከተማ የመኪና ስልክ ሲጀመር ከተማው በሙሉ የሚሸፈነው በአንድ ኃይለኛ አንቴና ነበር፡፡ በአንድ ጊዜ ማውራት የሚችሉት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሌላው ተራ ይጠብቃል፡፡ በቀጣዩ ዓመት በቤል ላብራቶሪስ የሚሠሩ መሐንዲሶች አዲስ ሐሳብ አቀረቡ፡፡ ከተማውን በአንድ ትልቅ አንቴና ከመሸፈን ይልቅ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በብዙ ትናንሽ ክፍሎች እንከፋፍለው፤ ለእያንዳንዱ ክፍል አነስተኛ ኃይል ያለው አንቴና እንስጠው፤ ራቅ ራቅ ባሉት ክፍሎች ያንኑ ፍሪኩዌንሲ ደጋግመን እንጠቀምበት፡፡ እያንዳንዱ ክፍል ሴል ተባለ፡፡ «ሴሉላር ስልክ» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው፡፡ ሐሳቡ በተግባር እስኪውል ግን ብዙ ዓመት ፈጅቷል፡፡ የሞቶሮላው ማርቲን ኩፐር በእጅ በሚያዝ ሴሉላር ስልክ ኒውዮርክ መንገድ ላይ ቆሞ የደወለው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 3 ቀን 1973 ነበር፡፡

ከመገናኛ በታክሲ ተነስተን ሜክሲኮ እስክንደርስ ሳናቋርጥ ብናወራ፣ ስልካችን በመንገድ ላይ ከሴል ወደ ሴል በተደጋጋሚ ይተላለፋል፡፡ አንዱ ማማ እየደከመ ሌላው እየበረታ ሲሄድ ኔትወርኩ ጥሪውን ያቀባብለዋል፡፡ እኛ ምንም ሳናውቅ፡፡

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ቁም ነገር አለ፡፡ ሥርዓቱ የተመሠረተው ጥቂት ኃይለኛ አንቴናዎችን ሳይሆን ብዙ ደካማ አንቴናዎችን በየቅርቡ በመትከል ላይ ነው፡፡ ሕዝብ በበዛበት ሴሉ መጥበብ፣ ማማው መቀራረብ አለበት፡፡ ትናንት የእርሻ ማሳ በነበረ ቦታ በሺሕ የሚቆጠሩ አባወራዎች የሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ሲሠራ፣ ለማሳው ይበቃ የነበረው ሩቅ ማማ ለኮንዶሚኒየሙ አይበቃም፡፡

መቀመጫው ሲሞላ

አንድ ሴል በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ያናግራል? ብዙ ሰው ሺሕ ይላል፡፡ በጂኤስኤም አንዱ የፍሪኩዌንሲ ክፍልፋይ 200 ኪሎኸርዝ ስፋት ያለው ሲሆን በስምንት የጊዜ ተራ ይከፈላል፡፡ ስምንት ሰዎች በየተራ ይልካሉ፤ የአንዱ ተራ ከሺሕኛ ሰከንድ ግማሽ በጥቂቱ ቢበልጥ ነው፡፡ መፈራረቁ እጅግ ፈጣን ስለሆነ ሁሉም ሳይቋረጥ የሚያወራ ይመስለዋል፡፡ አንድ ሴል ሁለት እንዲህ ያለ ክፍልፋይ ቢሰጠው 16 ተራ ያገኛል፡፡ ከዚህ ውስጥ ሁለቱ ለቁጥጥር ሥራ ቢያዙ ለተናጋሪ የሚቀረው 14 ነው፡፡ ከሚኒባስ ታክሲ መቀመጫ ብዙም አይበልጥም፡፡

እንግዲህ 14 መስመር ለስንት ደንበኛ ይበቃል? ይህን ሒሳብ የሠራው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የተባለ ዴንማርካዊ ሲሆን የመጀመሪያ ጥናቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው፡፡ ዛሬም የስልክ መጨናነቅ የሚለካው በእሱ ስም በተሰየመው መለኪያ ነው፡፡ በኤርላንግ ቀመር ስናሰላው፣ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት እያንዳንዱ ደንበኛ በአማካይ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢያወራ፣ 14 መስመር 330 ያህል ደንበኞችን በወጉ ያስተናግዳል፡፡ ከ100 ጥሪዎች እምቢ የሚሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፡፡

አሁን የበዓል ዋዜማ መጣ እንበል፡፡ እነዚያው 330 ሰዎች በዚያው አንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ሦስት ደቂቃ አወሩ፡፡ ወሬው እጥፍ ሆነ፤ እምቢ የሚሉት ጥሪዎች ግን ከሁለት ወደ አራት ሳይሆን ከ100 ወደ 27 ያሻቅባሉ፡፡ ወሬው ሦስት እጥፍ ቢሆን 47 ይደርሳሉ፤ ማለትም ግማሽ ሊሞላ ምንም አይቀረው፡፡ ይህ ደግሞ እምቢ የተባለው ሰው ዝም ብሎ ቢቀመጥ ነው፡፡ እኛ ግን ዝም አንልም፤ ወዲያው መልሰን እንደውላለን፡፡ እያንዳንዱ ድጋሚ ሙከራ በተጨናነቀው ላይ ሌላ ጭነት ይጨምራል፡፡ በዚህ ላይ ደዋዩ ቦታ ቢያገኝ እንኳ የተቀባዩም ሴል ቦታ ሊኖረው ይገባል፡፡ የእትዬ ስልክ በእኛ ሰፈር ቢቀናው የልጃቸው ሰፈርም ያን ምሽት እንደኛው እየደወለ ነበር፡፡

3ጂና 4ጂ አየሩን የሚያከፋፍሉበት ዘዴ ከዚህ የተለየና የተሻለ ነው፡፡ ቢሆንም እነሱም የሚያከፋፍሉት ያንኑ ውስን አየር ነው፤ ዳታው እምቢ በማለት ፈንታ እያዘገመ ይሄዳል፡፡ በ4ጂ ኢንተርኔት የሚጠቀሙ ብዙ ስልኮችም ድምፅ በ4ጂ ላይ የሚያስተላልፈው ቮልቲ የተባለው አገልግሎት ከሌላቸው፣ ጥሪ ሲመጣ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ወርደው እዚያው ወረፋ ውስጥ ይገባሉ፡፡

ታዲያ አራቱ ጭረቶች ምን ይላሉ? ጭረቶቹ የሚያሳዩት ስልካችን የማማውን ድምፅ ምን ያህል አጉልቶ እንደሚሰማ ነው፡፡ ሌላ ምንም አይነግሩንም፡፡ በሴሉ ውስጥ ክፍት ቦታ መኖሩን አይነግሩንም፡፡ ማማው እኛን መስማቱንም አይነግሩንም፡፡ ከቤተ ክርስቲያን በድምፅ ማጉያ የሚወጣውን ቅዳሴ አልጋችን ላይ ሆነን በደንብ እንሰማለን፤ እኛ ከአልጋችን የምንናገረውን ግን ቄሱ አይሰሙም፡፡ ማማውም እንደ ድምፅ ማጉያው በአሥር በሚቆጠሩ ዋቶች ይልካል፤ የ2ጂ ስልክ ቢበዛ 2 ዋት፣ የ4ጂ ስልክ ደግሞ በአብዛኛው ከ0.2 ዋት አይበልጥም፡፡ አራት ጭረት ማለት ታክሲው ፌርማታው ላይ ቆሟል ማለት ነው፤ መቀመጫ አለው ማለት አይደለም፡፡

«ጨረሩስ?»

በስብሰባው ላይ ከባዱን ጥያቄ ያነሱት ጡረታ የወጡ መምህር ጎረቤታችን ነበሩ፡፡ «መቀመጫ ይጨመር ማለትህ ገብቶኛል፡፡ ግን መቀመጫው የሚጨመረው በልጆቻችን ራስ ላይ ነው» አሉ፡፡ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ በማሾፍም መታለፍ የለበትም፡፡

ጨረር የሚለው ቃል ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን በአንድ ላይ ይጠቀልላል፡፡ የኤክስሬይና የኒውክሌር ጨረር ከአቶሞች ኤሌክትሮኖችን የማላቀቅ ጉልበት ስላለው በሰውነት ሴል ላይ ጉዳት ያደርሳል፡፡ የሬዲዮ ሞገድ ቅንጣት ጉልበት ግን ለዚህ ከሚያስፈልገው ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ያንሳል፡፡ በሳይንስ በደንብ የተረጋገጠው ጉዳቱ፣ ኃይሉ ከበዛ አካልን ማሞቁ ነው፡፡ ዓለም አቀፍ ወሰኖችም የተቀመጡት ከዚህ በብዙ ዝቅ ብለው ነው፡፡ በሌላ በኩል የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 የሬዲዮ ሞገድን «ካንሰር ሊያስከትሉ ይችሉ ይሆናል» በሚለው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፡፡ ይህ ማለት መረጃው ውስን ነው፣ ጨርሶ ግን አይጣልም ማለት ነው፡፡ ተቋሙ በዋናነት የተመለከተው ደግሞ ጣሪያ ላይ ያለውን አንቴና ሳይሆን ጆሮ ላይ የሚለጠፈውን ስልክ ነው፡፡

እስቲ በቁጥር እንየው፡፡ አንድ አንቴና 40 ዋት ቢሰጠውና ወደ አንድ አቅጣጫ 50 ጊዜ ቢያጎላው፣ በቀጥታ ፊት ለፊቱ 50 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው በካሬ ሜትር 0.06 ዋት ያህል ይደርሰዋል፡፡ በ900 ሜጋኸርዝ ለሕዝብ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ወሰን 4.5 ዋት ነው፡፡ የሚደርሰው ከወሰኑ ሰባ ጊዜ ያነሰ ነው፡፡ ከአንቴናው በታች ያለው ቤት ደግሞ ከዚህም ያነሰ ያገኛል፤ አንቴናው የሚልከው እንደ መኪና መብራት ወደ ፊት ለፊት እንጂ ወደ እግሩ ሥር አይደለም፡፡ ነገር ግን እዚያው አንቴና ፊት ለፊት ከስድስት ሜትር ባነሰ ርቀት መቆም ወሰኑን ያልፋል፡፡ ስለዚህ ልጆች ጣሪያ ላይ ወጥተው እንዳይጫወቱ አጥርና ቁልፍ የግድ ነው፡፡ የጎረቤት ብሎክ በረንዳም ፊት ለፊቱ ቀርቦ መሆን የለበትም፡፡

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ፡፡ ማማው ስልካችንን «ድምፅህን ቀንስ» ወይም «ጨምር» እያለ ያለማቋረጥ ያዘዋል፡፡ ማማው ቅርብ ሲሆን ስልኩ ኃይሉን እስከ ጥቂት ሺሕኛ ዋት ድረስ ሊቀንስ ይችላል፤ ሩቅ ሲሆን ባለ በሌለ ኃይሉ ይጮኻል፡፡ ለጭንቅላታችን በጣም የሚቀርበው አስተላላፊ ስልካችን ስለሆነ፣ ማማውን ከሰፈር ማባረር የሚደርሰንን ጨረር አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ሊጨምረው ይችላል፡፡ ማስረጃውም ኪሳችን ውስጥ ነው፡፡ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ ስንውል ባትሪው ቶሎ የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው፡፡

መምህሩን «ሊያሳስብዎት የሚገባስ የለም ወይ?» ብለው ቢጠይቁኝ አለ እላለሁ፡፡ ጣሪያው ክብደቱን ይችል እንደሆነ በባለሙያ ይጠና፡፡ መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጄኔሬተር ጩኸትና ጭስ አለው፤ በባትሪ ወይም በፀሐይ ኃይል ቢሆን ይመረጣል፡፡ የመብረቅ መከላከያውም በደንብ መሬት ውስጥ ይቀበር፡፡ የሰፈር ሰው በውል ላይ አስገብቶ ሊከራከርባቸው የሚገቡ ነገሮች እነዚህ ናቸው፡፡

ከቅንጦት ወደ ኑሮ

የሞባይል አገልግሎት ወደ አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ሲሆን የጀመረውም በአዲስ አበባ ነው፡፡ ያን ጊዜ ሲም ካርድ ለማግኘት ተመዝግቦ ወረፋ መጠበቅ የተለመደ ነበር፡፡ ስልኩን ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ዞር ተብሎ ይታይ ነበር፡፡ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚጎዳው ጥቂት ሰው ነበር፤ እሱም ቢሆን የቤት ስልክ አለው፡፡

ዛሬ ነገሩ ሌላ ነው፡፡ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 በጀት ዓመት መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት የደንበኞቹ ቁጥር ከ80 ሚሊዮን በላይ ሆኗል፡፡ ሁለተኛው ኦፕሬተር ሳፋሪኮም በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ የጀመረው በመስከረም 2015 ነው፡፡ ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ወደ ገበያው ገቡ፡፡ በአዲስ አበባ ከሚያዝያ 16 ቀን 2015 ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ እንዲሆን ሲደረግ፣ ኔትወርክ የሌለው ማደያ ነዳጅ እንደሌለው ማደያ ሆነ፡፡ ቤተሰብ ከጅዳና ከቤሩት ልጆቹ ጋር በኢሞ የሚተያየው፣ ሾፌር ተሳፋሪ የሚያገኘው፣ ነጋዴ ሒሳቡን የሚቀበለው በዚያችው የመጨረሻ ቁራጭ አየር ላይ ነው፡፡ የ5ጂ አገልግሎት በአዲስ አበባ በሙከራ ደረጃ የተጀመረው በግንቦት 2014 ሲሆን፣ ይህ ትውልድ ፍጥነቱን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ከላይኞቹ ፍሪኩዌንሲዎች ነው፡፡ እነሱ ደግሞ ግድግዳ ስለሚከብዳቸው አንቴናዎቹ ይበልጥ መቀራረብ ይኖርባቸዋል፡፡ ስለዚህ በእኛ ጣሪያ ላይ የተነሳው ክርክር ነገ በየግቢው መነሳቱ አይቀርም፡፡

ድርጅቶቹም ከተጠያቂነት አይወጡም፡፡ የበዓል ዋዜማ በድንገት የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ቀኑ ይታወቃል፡፡ የየሴሉ መጨናነቅ በየሰዓቱ ይመዘገባል፤ ኤርላንግም ሒሳቡን ከ100 ዓመት በፊት ሠርቶ ሰጥቷቸዋል፡፡ «ሽፋናችን ይህን ያህል በመቶ ደረሰ» የሚለው ማስታወቂያ የሚነግረን ስለ ጭረቶቹ እንጂ ስለ መቀመጫው አይደለም፡፡ እኛ ደንበኞች ልንጠይቅ የሚገባን ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ከ100 ጥሪ ስንቱ እንደሚገባ ነው፡፡

ለአንባቢ አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር፡፡ የጽሑፍ መልእክት የድምፅ መስመር አይፈልግም፡፡ በቁጥጥር መስመሩ በኩል በጥቂት ቦታ ያልፋል፤ ወዲያው ካልደረሰም ማዕከሉ ላይ ተቀምጦ እንደገና ይሞከራል፡፡ በላቲን ፊደል 160፣ በአማርኛ ፊደል 70 ሆሄ ይይዛል፡፡ «አባባ ታሟል ቶሎ ና» ለማለት ከበቂ በላይ ነው፡፡ የእትዬ አሥራ አንድ ጥሪዎች እምቢ ባሉበት ምሽት አንድ መልእክት የማለፍ ዕድሉ የተሻለ ነበር፡፡

ስብሰባው ተጠናቆ ድምፅ ሲሰጥ የአንቴናው ጥያቄ በቅድመ ሁኔታ ተቀባይነት አገኘ፡፡ መምህሩ በተቃውሟቸው ጸኑ፤ ነገር ግን አንቴናው ከመተከሉ በፊትና በኋላ የሞገዱ መጠን በባለሙያ እንዲለካና ውጤቱ በግቢው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ያቀረቡት ሐሳብ በሁላችንም ተደግፎ በቃለ ጉባዔ ገባ፡፡ እኔም ደስ ብሎኝ ደገፍኩት፡፡ አሁን የጣሪያው ጥናት እየተካሄደ ነው፤ አንቴናው ገና አልቆመም፡፡

ከአዳራሹ ስንወጣ እትዬ ጠበቁኝ፡፡ «እና ያን ለሊት ታክሲው ሞልቶ ነበር በለኛ» አሉኝ፡፡ አዎ አልኳቸው፡፡ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እኔም እኮ ከዚያ በፊት እህቴን ሃያ ደቂቃ አዋርቻታለሁ» አሉ፡፡ «የሚቀጥለውን እንቁጣጣሽ እንኳን አደረሳችሁ የምለው በጽሑፍ ነው፡፡ የልጅ ልጄ ትጽፍልኛለች፡፡ መስመሩ የታመመ ላለበት ሰው ይቅር፡፡»